በር ላይ የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ፦ የሳሞአ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 2019። (የውጭ አገር ቀኖችን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ዋና ከተማዋ አፒያ ጭር ብላለች። ሱቁ ዝግ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው። መኪና ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሕዝቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ከቤቱ ንቅንቅ እንዳይል ተነግሮታል።

ደጃፍ ደጃፉ ላይ ግን ቀይ ነገር ይታያል። አንዱ ቁራጭ ጨርቅ በሩ ላይ አንጠልጥሏል። ሌላው ግቢው ዳር ካለ ዛፍ ጋር አስሮታል። መልእክቱ አንድ ነው፦ «እዚህ ቤት ያልተከተበ ሰው አለ። ግቡ።»

እየዞሩ የሚገቡት ክትባት ሰጪዎች ናቸው። ቀይ ባዩበት ይቆማሉ፣ ይከትባሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ዋሉ።

እስከዚያ ዕለት ድረስ በኩፍኝ የሞቱት ከ60 አልፈዋል። አብዛኞቹ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ወረርሽኙ ሲያበቃ ቁጥሩ 83 ደረሰ። ሳሞአ 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ ብቻ ነው ያላት። በእኛ ሕዝብ ብዛት ቢሰላ 50 ሺህ ገደማ ሰው ማለት ነው።

ሳሞአ ከእኛ ሩቅ ናት። ጉዳይዋ ግን ጓዳችን ድረስ የሚገባ ነው። ክትባት በሆነ ምክንያት ይቋረጣል፤ በጦርነት፣ በወረርሽኝ፣ በስሕተት። ከዚያ ይመለሳል። «አገልግሎቱ ተጀምሯል» ተብሎ ይነገራል፤ ሁሉም እፎይ ይላል። በመሃል ያመለጡትን ልጆችስ ማን ሄዶ ይፈልጋቸው? ሥራውን መልሶ መጀመር አንድ ነገር ነው። ያመለጠውን ልጅ ፈልጎ ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። ይህን እንደ ሳሞአ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ጉዳይ የለም።

አንድ ብልቃጥ ዱቄት፣ አንድ ብልቃጥ ውሃ

ሳሞአ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ዋናዎቹ ደሴቶች ሁለት ናቸው፤ ኡፖሉ እና ሳቫይ። አፒያ ያለችው ኡፖሉ ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ሳቫይ ላይ፣ ሳፎቱ በሚባል ቦታ ባለ ሆስፒታል ነው።

ጁላይ 6 ቀን 2018 ሁለት የአንድ ዓመት ሕፃናት ለመደበኛ ክትባታቸው ወደዚያ መጡ። ክትባቱ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን ባንድ ላይ የሚከላከለው ነው። ሁለቱም በተከተቡ በደቂቃዎች ውስጥ ሞቱ።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ክትባቱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የኩፍኝ ክትባት ፈሳሽ ሆኖ አይመጣም። በትንሽ ብልቃጥ ሥር እንደ ደረቀ ዱቄት ተቀምጦ ነው የሚመጣው። አብሮት ሌላ ብልቃጥ አለ፤ መበጥበጫው ውሃ። ነርሷ ውሃውን በሲሪንጅ ትስባለች። ዱቄቱ ላይ ትጨምረዋለች። ብልቃጡን በጣቶቿ መሃል ቀስ አድርጋ ታሽከረክረዋለች። ዱቄቱ ሟምቶ ሲያልቅ የልጁን ድርሻ ትስባለች። ይኸው ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ነርሷ በቀን ደጋግማ የምትሠራው ስለሆነ እጇ ራሱ ያውቀዋል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ እጅ ያወቀውን ነገር ዓይን ማንበብ ይተዋል።

ሳፎቱ ላይ ዱቄቱ በውሃው አልተበጠበጠም። የገባው ጊዜው ያለፈበት የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። ለቀዶ ሕክምና ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ታማሚው በማሽን እየተነፈሰ ይሰጠዋል። ማሽን በሌለበት ለሕፃን ሲሰጥ ትንፋሹን ያቆመዋል።

እንዲህ ያለ ስሕተት ሲደርስ የመጀመሪያው አልነበረም። በሴፕቴምበር 2014 በሶርያ ኢድሊብ ግዛት የኩፍኝ ክትባት በተመሳሳይ ዓይነት መድኃኒት ተበጥብጦ 15 ሕፃናት ሞተዋል። እዚያ መድኃኒቱ ከክትባቱ ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለዚህ ነው የክትባት ባለሙያዎች አንድ ሕግ ላይ ፍንክች የማይሉት። ክትባት ባለበት ፍሪጅ ውስጥ ከክትባቱና ከመበጥበጫው በስተቀር ምንም አይገባም። መበጥበጫው ከዚያው ፋብሪካ፣ ለዚያው ክትባት ተብሎ የመጣ መሆን አለበት። ከመሳቡ በፊት ስሙም ቀኑም ይነበባል። የተበጠበጠ ክትባት ደግሞ ቢበዛ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል፤ ብልቃጡ ግማሽ ቢሆንም ይጣላል። በእኛ ጤና ጣቢያም ሆነ ጤና ኬላ የሚሠራ ሰው ይህን ሕግ ያውቀዋል። ሥራ ሲበዛና ሰልፍ ሲረዝም ነው የሚረሳው።

የሳፎቱ ሆስፒታል ሁለት ነርሶች ጥፋታቸውን አመኑ። በኦገስት 2019 እያንዳንዳቸው የ5 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

አሥሩ ወራት

መንግሥት ወዲያው ክትባቱን አገደ። ይህ አይፈረድበትም። ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን ሲሞቱ ማንም ኃላፊ ቢሆን መጀመሪያ «አቁሙ» ነው የሚለው። ምክንያቱ እስኪታወቅ የሌላ ልጅ ሕይወት ላይ መወራረድ አይቻልም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቀኑ ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ወር ሆነ። የኩፍኝ ክትባት ለ10 ወር ያህል ሳይሰጥ ቆየ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ይህ አልነበረም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የሳሞአ እናቶች የሆኑት እንዲሁ ነው። ልጇን አዝላ ወደ ሆስፒታል የሄደች እናት ሬሳ ይዛ መመለሷን የሰማች ሴት የራሷን ልጅ ብትደብቅ አልፈርድባትም። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ድንቁርና ብለው የሚጠሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ሴትየዋ ያየችውን ነው ያመነችው። መልስ የምትሻ ሰው ነበረች።

መልሱ ደግሞ አጭር ነበር። የገደላቸው ክትባቱ አይደለም፣ የተበጠበጠበት መድኃኒት ነው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱ መንደር፣ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን መግባት ነበረባት። ሳሞአ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት አገር ነው። መንደሩ አለቃ አለው፤ ማታይ ይሉታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ይላል። ወሬ በአንድ ቀን ደሴቱን ያዳርሳል። እውነቱ ዘግይቶ ሲመጣ ያንኑ መንገድ ሌላ ወሬ ቀድሞ ያዘው። ክትባት መርዝ ነው የሚሉ ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ገቡ። ክትባቱ ለ10 ወር መታገዱ ራሱ ለእነሱ ማስረጃ ሆነላቸው። «ደህና ቢሆንማ ለምን ያቆሙት ነበር?» ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል?

በ2018 የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ያገኙት የሳሞአ ሕፃናት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀድሞም ሽፋኑ እየወረደ ነበር። ያን ዓመት ግን ገደል ገባ። በዚያው አካባቢ ያሉት ቶንጋና ፊጂ ከ90 በመቶ በላይ ነበሩ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2019 ክትባቱ ተመለሰ። አሁን አንድ ሂሳብ በጣት እንቁጠር። በሳሞአ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ሕፃኑ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው። በጁላይ 2017 የተወለደች ሕፃን አስቡ። ተራዋ የደረሰው ልክ ክትባቱ በታገደበት ወር ነው። ክትባቱ ሲመለስ 1 ዓመት ከ10 ወር ገደማ ሆኗታል። በዚያ ዕድሜ ወደ ጤና ተቋም የሚወስዳት ቀጠሮ የለም። ካርዷ ላይ የተጻፈው ቀን ድሮ አልፏል። ነርሷ የምትጠብቀው አዲሶቹን የአንድ ዓመት ልጆች ነው። የሕፃኗ እናት ደግሞ የምትጠብቀው የሚጠራትን ሰው ነው። ሁለቱም እየጠበቁ ልጅቷ መሃል ላይ ቀረች።

ክትባቱ ተመልሶ ወረርሽኙ እስኪገባ ድረስ ወራት ነበሩ። ያመለጡት ልጆች ስንት እንደሆኑ ከመዝገብ መቁጠር ይቻል ነበር። የልደት መዝገብ አለ፤ የክትባት መዝገብ አለ። አንዱን ከአንዱ ማስተያየት ነው። ኋላ በኖቬምበርና በዲሴምበር በጭንቅ የተሠራው ሥራ በእነዚያ ወራት በእርጋታ ሊሠራ ይችል ነበር። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ከኦክላንድ የመጣው

በ2019 ኒውዚላንድ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። አብዛኛው ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ከ180 ሺህ በላይ የሳሞአ ተወላጆች ይኖራሉ፤ አገር ቤት ካለው ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። ከኦክላንድ አፒያ በአውሮፕላን 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን በዓል አለ። ሰው ይመላለሳል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ዲሲ መካከል ቤተሰብ የተከፈለበት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ይህ መንገድ ለሳሞአ ክፉ ትዝታ አለው። በኖቬምበር 1918 ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነሥታ አፒያ ገባች። የኅዳር በሽታን ይዛ ነው የገባችው። እኛ ኅዳር ሲታጠን የምናስበው ያው በሽታ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ። በዚያው ጊዜ ጎረቤቷ የአሜሪካ ሳሞአ ወደቧን ዘግታ አንድም ሰው አልሞተባትም።

ኦክቶበር 16 ቀን 2019 የሳሞአ መንግሥት የኩፍኝ ወረርሽኝ መግባቱን አስታወቀ።

ኩፍኝ እንደሌላው በሽታ አይደለም። አየር ላይ ይቆያል። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓታት ድረስ ቫይረሱ እዚያው ሊኖር ይችላል። ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። እናት ልጇ ጉንፋን የያዘው ይመስላታል። አቅፋው ሰው መሃል ትገባለች። ሽፍታው ሲወጣ ስንቱን አዳርሷል። ክትባት በሌለበት ሕዝብ መሃል አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። 95 በመቶ ካልተከተበ ወረርሽኙ አይቆምም የሚባለው ለዚህ ነው። 31 በመቶ እና 95 በመቶ። ርቀቱ ይታያችሁ።

እኛ አገር ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ጨለማ ክፍል ይተኛል። ሽታ እንዳይመታው ይጠበቃል። የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ሽፍታው ላይ ነው። ልጁን የሚገድለው ግን ብዙውን ጊዜ ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ፣ የሰውነት ውሃ ማለቅ። በሽታው የልጁን የመከላከል አቅም ለወራት ያዳክመዋል። ቀድሞ ያሸነፋቸውን በሽታዎች ሰውነቱ እንዲረሳ ያደርገዋል። ከኩፍኝ ዳነ የተባለ ልጅ በሦስተኛው ወር በሌላ በሽታ ሲሞት ማንም ኩፍኝን አይጠረጥርም።

ሳሞአ ውስጥ ሆስፒታሎቹ ሞሉ። ከኒውዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከሌሎችም አገሮች ሐኪሞችና ነርሶች ገቡ። ለታመሙት ልጆች ቫይታሚን ኤ ተሰጠ፤ ለኩፍኝ ታማሚ ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚሰጥ፣ ሞትንም ዓይነ ስውርነትንም የሚቀንስ ርካሽ መድኃኒት ነው። ቢሆንም ሞቱ ቀጠለ። ከመጀመሪያዎቹ 70 ሟቾች 61ዱ ዕድሜያቸው 4 ዓመትና ከዚያ በታች ነበር። ሦስት ልጆቹን ያጣ ቤተሰብ ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ትንንሽ የሬሳ ሳጥን እየሠሩ ላኩ። ሳጥኖቹን አስጊጠው ነበር የላኩት። ይህን ወሬ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

ያቺን በጁላይ 2017 የተወለደች ሕፃን አትርሷት። ወረርሽኙ ሲገባ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው።

ጨርቁ

ኖቬምበር 15 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆች ሕዝብ ከሚሰበሰብበት ቦታ ተከለከሉ። ከኖቬምበር 20 ጀምሮ የክትባት ዘመቻው ተጀመረ፤ ክትባቱም ግዴታ ሆነ። ዩኒሴፍ ከ100 ሺህ በላይ ዶዝ አስገባ።

መጀመሪያ ሰው ወደ ክትባት ጣቢያ እንዲመጣ ነበር የተደረገው። ብዙ ሰው መጣ፤ ሰልፍ ሆነ። ይህ መንገድ ግን አንድ ጉድለት አለው። የሚመጣው መምጣት የሚችለው ነው። መኪና ያለው፣ የሰማ፣ ያልፈራ፣ ልጁን የሚይዝለት ሰው ያለው። አራት ልጅ ያላት፣ አንዱ የታመመባት፣ አውቶቡስ መንገድ የራቀባት ሴት አትመጣም። በሽታው ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ የእሷን ቤት ነው።

ስለዚህ ዲሴምበር 5 እና 6 አገሩ ተዘጋ። የመንግሥት ሠራተኛው ለዘመቻው ወጣ። ቡድኖቹ ቤት ለቤት ዞሩ። ቤተሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርግ ተጠየቀ፤ ያልተከተበ ካለ ቀይ ምልክት መስቀል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ልጅ ሆነን የፖሊዮ ክትባት ሲመጣ በራችን ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍ ነበር። ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ጠመኔው ለአስተባባሪው ነው የሚናገረው፤ እዚህ ቤት ተገብቷል፣ ይህን ያህል ልጅ ተከትቧል ይላል። የሚጽፈውም ክትባት ሰጪው ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ። ቀዩ ጨርቅ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚሰቅለው ቤተሰቡ ነው። የሚሰቀለው ከሥራው በፊት ነው። እናትየዋ ሰልፍ አትሰለፍም። «እስከዛሬ የት ነበርሽ?» የሚል ፊት አይጠብቃትም። ካርድ ጠፋብኝ ብላ አትሸማቀቅም። ጨርቅ ታንጠለጥላለች፤ ሰው ይመጣላታል።

እኛ ጋ ይህቺ «የት ነበርሽ» የምትለው ቃል ስንቷን እናት እንዳስቀረች ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ቀኗ ያለፈባት እናት ጤና ጣቢያ በር ላይ ደርሳ ቁጣ ፈርታ ትመለሳለች። ከሄደችም «አንድ ዓመት አልፎታል፣ አሁን አይሰጥም» ተብላ የምትመለስ አለች። ይህ ስሕተት ነው። የዘገየ ክትባት ይሰጣል። የተቋረጠ ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል፤ ከ«ሀ» መጀመር አያስፈልግም። ካርድ የጠፋበት ልጅና መረጃ የሌለው ልጅም ይከተባል። የኩፍኝ ክትባት ቢደገም ልጁን አይጎዳውም።

ጨርቁ ሁሉን አያገኝም። ያልተከተበ ልጅ እያለው ሆን ብሎ የማይሰቅል ሰው ይኖራል። ጨርቅ የፈራውን ይጠራል፤ እምቢ ያለውን አይጠራም። ለዚያ ደግሞ ሳሞአ የሕግ መንገድ ተጠቀመች። ዘመቻውን በይፋ ሲቃወም የነበረ አንድ ሰው በዚያው ሰሞን ታሰረ። በእስር የሚመጣ እምነት ብዙ ርቀት ይሄዳል ብዬ አላስብም። በዚያ ሁለት ቀን ሰው በሩን የከፈተው ፖሊስ ፈርቶ ነው ማለትም አይቻልም። ጎረቤቱ ቀብር ስለዋለ ነው። የራሱ ልጅ ስለሳለ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ አልልም። ጅቡ ገና ግቢው ውስጥ ነበር። ከሁለቱ ቀናት በኋላ የክትባት ሽፋኑ ወደ 90 በመቶ ተጠጋ። በዲሴምበር መጨረሻ 95 በመቶ ደረሰ። ወረርሽኙ ትንፋሽ አጠረው። ዲሴምበር 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ተነሣ። በጃንዋሪ መጀመሪያ የተመዘገቡት ታማሚዎች በጠቅላላ 5,707 ነበሩ፤ ከ100 ሰው ሦስት ገደማ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቶንጋና ፊጂ ልመለስ። ያው ቫይረስ በዚያው ሰሞን እዚያም ገብቷል። ቶንጋ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል። ሁለቱም አገሮች ዘንድ በዚያ ወረርሽኝ በኩፍኝ የሞተ ሰው አልተመዘገበም። ሐኪማቸው የበለጠ ጎበዝ አልነበረም። ባሕሩም ያው ባሕር ነው። ልጆቻቸው ተከትበው ነበር።

ከዘመቻው በኋላ ያለው ሂሳብ

በወረርሽኝ መሃል የሚደረግ ክትባት አንድ ፈተና አለበት። መርፌው በተወጋ ቀን አይከላከልም። ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ኩፍኝም ከተያዙ በኋላ ሽፍታው እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሰኞ ተከትቦ ሐሙስ ሽፍታ የሚወጣበት ልጅ ይኖራል። ቀድሞ ተይዞ ነበር ማለት ነው። እናት ግን የምታየው መርፌውንና ሽፍታውን ነው። ሁለቱን ማገናኘቷ አይቀርም፤ በተለይ ሳሞአ ውስጥ፣ በተለይ ከሳፎቱ በኋላ። ይህን አስቀድሞ መንገር የክትባት ሰጪው ሥራ ነው። መርፌው ከተወጋ በኋላ የሚነገር ማብራሪያ ማስተባበያ ይመስላል። መርፌው ሳይወጋ የሚነገር ግን ምክር ነው።

እኛም ዘመቻ እናውቃለን። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የኩፍኝ ዘመቻ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመከተብ ታቅዶ ነበር፤ ከ9 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ። ያ ዘመቻ ደስ የሚለኝ በአንድ ነገር ነው። ኩፍኝ እየከተቡ በዚያው «ክትባት ያልጀመሩና ጀምረው ያቋረጡ» ልጆችን እንዲለዩ ተደርጎ ነበር። ያልጀመረና ያቋረጠ ልጅ አንድ አይደለም። ያቋረጠው ቢያንስ መዝገብ ላይ ስም አለው፤ ስልክ ወይም ጎጥ ተጽፎለታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች። ያልጀመረው ስሙም የለም። ቤቱ ራሱ ከካርታው ውጭ ሊሆን ይችላል፤ የአርብቶ አደር ቤት፣ የተፈናቃይ መጠለያ፣ ከተማ ዳር ትናንት የተሠራ የላስቲክ ቤት። ለእሱ መዝገብ ማገላበጥ አይረዳም። መሄድ ነው፤ ቤቱን መቁጠር፣ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ማለት ነው።

በዓለም ደረጃም ችግሩ ከሳሞአ በኋላ ገዝፏል። ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ሦስት ዓመታት ብቻ 67 ሚሊዮን ልጆች ከመደበኛ ክትባታቸው ከፊሉን ወይም ሁሉንም እንዳጡ ዩኒሴፍ አስታውቋል። በኤፕሪል 2023 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ጋቪ የተባለው የክትባት ጥምረት እና የጌትስ ፋውንዴሽን እነዚህን ልጆች ለማካካስ የጋራ ዘመቻ ጀምረዋል። የዕድሜ ገደቡን ከፍ ማድረግ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር፤ አንድ ዓመት ያለፈውም ልጅ በር ላይ እንዳይመለስ።

ሳሞአ ላይ የቀረ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዘመቻው ክትባት የተሰጠው ከ6 ወር ሕፃን እስከ 60 ዓመት ሰው ነው። ወረርሽኝ ባይኖር የ6 ወር ሕፃን ይህ ክትባት አይሰጠውም። በዚያ ዕድሜ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ክትባቱ በደንብ አይዝለትም። ወረርሽኝ ስለሆነ ብቻ፣ ለጊዜው ይጠብቀው ተብሎ ይሰጠዋል። ያ መርፌ ከመደበኛዎቹ ሁለት ዶዞች አይቆጠርም። ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው እንደገና መምጣት አለበት።

በመዝገቡ ላይ ግን ያ ልጅ «ተከትቧል» ነው የሚለው። እናቱም ተከትቧል ነው የምትለው። ጨርቁ ወርዷል። በዲሴምበር 2019 የ6 ወር ልጅ የነበረ ሕፃን አንድ ዓመት የሚሞላው በጁን 2020 ነው። ያኔ ዓለም በኮቪድ ተዘግቶ ነበር። ሳሞአም ድንበሯን ዘግታ ሌላ አስቸኳይ አዋጅ ውስጥ ነበረች። በዚያ ወር አንዲት ነርስ መዝገቧን ከፍታ፣ የልደት ቀኑን ቆጥራ፣ ወደዚያ ቤት መሄድ ነበረባት።